የቆየ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝን ሳይነኩ ከጃንጎ ኦአርኤም ጋር ማገናኘት

ኦአርኤም (የፓይተን ክላሶችን ከዳታቤዝ ቴብሎች ጋር የሚያገናኘው የጃንጎ ክፍል) ሞዴሉን፣ ማለትም ቴብሉን የሚገልጸውን ክላስ፣ ያምናል እንጂ ዳታቤዙን ሄዶ አይጠይቅም። ሞዴሉ ላይ «ይህ ኮለም ባዶ አይሆንም» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ባዶ የሚባል ነገር እንደሌለ ቆጥሮ ክዌሪውን ያዘጋጃል። አዲስ ፕሮጀክት ላይ ቴብሎቹን የሚፈጥረው ራሱ ስለሆነ እምነቱ ልክ ነው። ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ ሦስት አራት ፕሮግራመር የተፈራረቀበት ዳታቤዝ ላይ ግን ያው እምነት ረድፍ ያስጠፋል፣ የሌላ ሰው መረጃ ላይ ያስጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም ስህተት ሳያሳይ። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ሞዴሉ እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው በፒኤችፒ የተጻፈ፣ አሁንም ሥራ ላይ ያለ የሽያጭ ሲስተም ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ሲሆን ደንበኛ፣ ደረሰኝ እና የደረሰኝ ዝርዝር የሚባሉ ቴብሎች አሉት። ዓላማው ጃንጎ 5.2ን ከጎኑ አቁሞ መጀመሪያ ሪፖርት ማንበብ፣ ቀስ በቀስም መጻፍ ነው።

1. ከኮዱ በፊት

መጀመሪያ የሰርቨሩን ቨርዥን እዩ። ጃንጎ ከ4.2 ጀምሮ ማይኤስኪውኤል 8ን ይጠይቃል፤ 5.7ን የሚቀበለው የመጨረሻው 4.1 ነው። ሰርቨሩ አሮጌ ከሆነ ጃንጎን ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ዳታቤዙን ወደ 8.0 ማሳደግ ይሻላል፤ መጀመሪያ ግን በቅጂ ላይ፣ የድሮው ሲስተምም በዚያው ቅጂ ላይ ተሞክሮ። ከ8.0 ጀምሮ የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ነባሪ ዘዴ ስለተቀየረ አሮጌ የፒኤችፒ ክላየንት መግባት ያቅተዋል፤ ለእሱ የሚሆነውን ዩዘር በድሮው «ማይኤስኪውኤል ኔቲቭ ፓስወርድ» መፍጠር ይቻላል። 8.4 ላይ ይህ ዘዴ ካላበራችሁት ዝግ ነው፣ 9.0 ላይ ጭራሽ የለም። አሮጌ ክላየንት ካላችሁ እንግዲህ ማረፊያችሁ 8.0 ነው።

ቅጂውን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የምታመጡ ከሆነ የቴብል ስሞች ላይ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ ላይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስ ላይ ይለያል። ሞዴሉ ላይ የጻፋችሁት «ዲቢ ቴብል» በአንድ ፊደል ከተለየ ስህተት 1146 ይመጣል፦ ቴብሉ የለም ይላችኋል፣ ቴብሉ ግን ዓይናችሁ ፊት ተቀምጧል። ፊደል አለመለየትን የሚያዝዘው የሰርቨር ቅንብር ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲቋቋም ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ዳታ ከገባ በኋላ አይቀየርም።

ለጃንጎ የራሱ የዳታቤዝ ዩዘር ፍጠሩለትና «ሰሌክት» ብቻ ፍቀዱለት። ኮዱ ላይ ምንም ያህል ብትጠነቀቁ ይህን ያህል የሚያስተኛ ነገር የለም። የመጻፍ ፈቃድ በኋላ፣ ቴብል በቴብል ይሰጣል።

2. ሁለት ዳታቤዝ፣ አንድ ራውተር

ጃንጎ የራሱ ቴብሎች ያስፈልጉታል፦ ዩዘር፣ ግሩፕ፣ ሴሽን፣ የማይግሬሽን (የቴብል ለውጦች) መዝገብ። አዲስ ፕሮጀክት ከፍታችሁ አሮጌውን ዳታቤዝ «ዲፎልት» ካደረጋችሁትና «ማይግሬት» ካላችሁ፣ 10 አዳዲስ ቴብሎች እዚያው አሮጌው ውስጥ ይፈጠራሉ። ስለዚህ «ዲፎልት» አዲስና ባዶ ዳታቤዝ ይሁን፤ አሮጌው «ነባር» በሚል ሁለተኛ ስም ይመዝገብ።

ራውተሩ የትኛው ሞዴል ወደ የትኛው ዳታቤዝ እንደሚሄድ ለጃንጎ የሚነግር፣ አራት ፈንክሽን ያለው ክላስ ነው። የማንበቢያና የመጻፊያ ፈንክሽኖቹ የሞዴሉ አፕ የነባሩ ከሆነ «ነባር» ይመልሳሉ፣ ካልሆነ «ነን»። «አላው ማይግሬት» ለ«ነባር» ሁልጊዜ «ፎልስ» ይመልሳል። «አላው ሪሌሽን» ደግሞ ሁለቱም ሞዴሎች ነባር ከሆኑ ብቻ ይፈቅዳል። በሁለት ዳታቤዝ መካከል ፎሪን ኪይ (ወደ ሌላ ቴብል ረድፍ የሚያመለክት ኮለም) የለም፤ አሮጌው ደረሰኝ ላይ ያለውን የሠራተኛ መለያ ከአዲሱ የጃንጎ ዩዘር ጋር ለማያያዝ ቁጥሩን እንደ ተራ ኢንቲጀር ይዛችሁ በኮድ ፈልጉት።

እዚሁ ሳላችሁ የነባሩ ግንኙነት ላይ «ታይም ዞን» የሚለውን ቅንብር አፍሪካ አዲስ አበባ አድርጉት። አሮጌ ሲስተሞች ሰዓቱን እንደ ግድግዳው ሰዓት ነው የሚያስቀምጡት፤ ጃንጎ ግን ማይኤስኪውኤል ውስጥ ያለውን ሁሉ ዩቲሲ ነው ብሎ ያነባል። ቅንብሩን ካለፋችሁት እያንዳንዱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ፊት ይገፋና ከማታው 3 ሰዓት (21፡00) በኋላ የተቆረጠ ደረሰኝ በማግስቱ ሪፖርት ላይ ብቅ ይላል። ሰዓቱ በእጅ ተጽፎ የገባ ጽሑፍ ከሆነ («2፡30 ጠዋት») ይህ ቅንብር አያድነውም። እሱ 6 ሰዓት የሚጨመርበት ሌላ ጣጣ ነው።

3. ሞዴሉን ማውጣት

«ኢንስፔክትዲቢ» የሚለውን ትእዛዝ ዳታቤዙን «ነባር» ብላችሁ አስኪዱትና ውጤቱን ወደ ሞዴል ፋይል አስገቡ። ዳታቤዙ ውስጥ 200 ቴብል ቢኖር 200 ሞዴል ይወጣል፤ የሚያስፈልጓችሁን ቴብሎች ስም ከትእዛዙ ጀርባ መዘርዘር ይቻላል፣ ይሻላልም። ቪውዎችን (እንደ ቴብል የሚነበቡ የተቀመጡ ክዌሪዎችን) ለመጨመር የተለየ አማራጭ አለው።

የሚወጣው ረቂቅ ነው። እያንዳንዱ ሞዴል ላይ «ማኔጅድ» «ፎልስ» ሆኖ ይመጣል፤ ይህን አትንኩት፣ ጃንጎ ቴብሉን እንዳይፈጥር፣ እንዳይቀይርና እንዳይሰርዝ የሚከለክለው እሱ ነው። የክላሱን ስም ወደ ፈለጋችሁት መቀየር ትችላላችሁ፤ «ዲቢ ቴብል» ግን እንዳለ ይቆይ። የፊልድ ስም ለመቀየር «ዲቢ ኮለም» ላይ የድሮውን ስም ማስፈር ግዴታ ነው። «ይህ ግምት ነው» የሚል ማስታወሻ የተጻፈባቸው ፊልዶች ትእዛዙ ዓይነታቸውን ያላወቃቸው ናቸው፤ አንድ በአንድ እዩዋቸው። ታይኒኢንት የሆኑ የአዎ/አይደለም ኮለሞች ኢንቲጀር ሆነው ይመጣሉ፤ ወደ ቡሊያን ከመቀየራችሁ በፊት የተለያዩ እሴቶቹን ቁጠሩ። 0 እና 1 ብቻ ባላችሁበት ኮለም 2 ተቀምጦ ማግኘት የተለመደ ነው። አንዱ ፕሮግራመር «ተሰርዟል» ለማለት የጨመራት ናት።

4. ፕራይመሪ ኪይ

ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ቴብሉ ፕራይመሪ ኪይ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ቁልፍ) ጭራሽ ከሌለው ጃንጎ በራሱ «አይዲ» የሚባል ኮለም እንዳለ ያስባል፣ የመጀመሪያው ክዌሪ ላይም ስህተት 1054 ያገኛል፦ እንዲህ የሚባል ኮለም አላውቅም። የማይደጋገምና ባዶ የማይሆን ኮለም ፈልጋችሁ «ፕራይመሪ ኪይ» በሉት። አለመደጋገሙን ሰው ስለነገራችሁ አትቀበሉ፤ በኮለሙ ግሩፕ አድርጋችሁ ከ1 በላይ የሆነውን ቁጠሩ። የማይደጋገም ካልተገኘ ቴብሉ ለማንበብ ብቻ ይሁን።

ሁለት ኮለም አንድ ላይ ሆነው ቁልፍ የሆኑበት ቴብል፣ ለምሳሌ የደረሰኝ ዝርዝር (የደረሰኝ ቁጥር እና የመስመር ቁጥር)፣ ከጃንጎ 5.2 ጀምሮ «ኮምፖዚት ፕራይመሪ ኪይ» በሚለው ይገለጻል። ሌላ ሞዴል በፎሪን ኪይ ወደ እሱ ማመልከት አይችልም፣ አድሚን ላይም አይመዘገብም፤ ለማንበብና ለመጻፍ ግን ይሠራል።

ከ5.2 በፊት የነበረው ልማድ የመጀመሪያውን ኮለም ብቻ ቁልፍ ማድረግ ነው፤ የድሮው «ኢንስፔክትዲቢ»ም ይህንኑ ያወጣል። እንዲህ የተጻፈ ኮድ ከወረሳችሁ የሚያደርገውን እዩ። ደረሰኝ 5 ሰባት መስመር አለው እንበል። አንዱን መስመር አውጥታችሁ «ዲሊት» ስትሉ የሚላከው ትእዛዝ የደረሰኝ ቁጥሩ 5 የሆነውን ሁሉ ሰርዝ የሚል ነው፤ ሰባቱም ይሄዳሉ። ተራ «ሴቭ» ብትሉ የመስመር ቁጥሩንም አብሮ ስለሚጽፍ ዳታቤዙ ተደጋጋሚ ቁልፍ ብሎ ይጮኻል፤ ይሄ እንኳን ደግ ነው። ዋጋውን ብቻ ለይታችሁ በ«አፕዴት ፊልድስ» ካስቀመጣችሁ ግን ሰባቱም መስመር ያንን ዋጋ ይይዛል፣ ማንም ምንም አይልም።

5. ግንኙነቶች

ማይኤስኪውኤል እስከ 5.5 ድረስ ነባሪ ኢንጂኑ (የቴብሉን መረጃ የሚያስቀምጠው ክፍል) ማይአይሳም ነበር። ማይአይሳም ፎሪን ኪይ አያውቅም፤ ስለዚህ ከእነዚህ ቴብሎች «ኢንስፔክትዲቢ» አንድም ግንኙነት አያወጣም፣ ሁሉም ተራ ኢንቲጀር ሆኖ ይመጣል። ትራንዛክሽንም አያውቅም። «አቶሚክ» ብሎክ ውስጥ የጻፋችሁት ግማሹ ላይ ቢሰበር የመጀመሪያው ግማሽ እንደተጻፈ ይቀራል፣ ጃንጎም አይነግራችሁም። ከመጻፋችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቴብል ኢንጂን አረጋግጡ።

ግንኙነቱን በእጅ ፎሪን ኪይ አድርጋችሁ ስትጽፉ መጀመሪያ ወላጅ አልባ ረድፎችን ቁጠሩ፦ ደረሰኝን ከደንበኛ ጋር በሌፍት ጆይን አገናኝታችሁ የደንበኛው ወገን ባዶ የሆነውን። ውጤቱ ዜሮ የሚሆንበት አሮጌ ዳታቤዝ ብርቅ ነው። ወይ ደንበኛው ተሰርዟል፣ ወይ «ደንበኛ የለም» ለማለት 0 ተጽፏል።

ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ፎሪን ኪዩን «ነል» (ባዶ) የሚፈቅድ አድርጉት፣ የዳታቤዙ ኮለም ነል ባይፈቅድም እንኳ። ምክንያቱ ተያያዥ ረድፎችን በጆይን አብሮ የሚያመጣው «ሰሌክት ሪሌትድ» ነው። ፎሪን ኪዩ ነል አይሆንም ካላችሁት ጃንጎ ኢነር ጆይን ይጠቀማል፤ ወላጅ የሌላቸው ደረሰኞች ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። ድምሩን ያለ «ሰሌክት ሪሌትድ» ስትሠሩ አንድ ቁጥር፣ ዝርዝሩን ስታወጡ ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ ሂሳብ ክፍል ልዩነቱን ያመጣላችኋል፣ እናንተ ኮዱ ውስጥ ምንም ስህተት አታገኙም። ነል ይፈቀዳል ካላችሁ ጆይኑ ሌፍት አውተር ይሆንና ሁሉም ይወጣል። ያለ ጆይን የደረሰኙን ደንበኛ በነጥብ ስትጠሩት ግን 0 ወይም የተሰረዘ መለያ ያለበት ረድፍ «ደዝ ኖት ኤግዚስት» ስህተት ይወረውራል፤ ያንን በአንድ ሜተድ ጠቅልላችሁ ያዙት።

«ኦን ዲሊት» «ዱ ናቲንግ» ሆኖ ይመጣል፤ እንዳለ ተዉት። «ካስኬድ» ካደረጋችሁት የሚሰርዘው ጃንጎ ራሱ ነው፣ ዳታቤዙ አይደለም፤ አንድ ደንበኛ ሲሰረዝ የዓመታት ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል።

6. የተበላሸ የሚመስል ፊደል

ሞዴሉ ሠርቶ የደንበኛ ስም ስታወጡ በግዕዝ ፋንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከመጣ ሁለት የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

አንደኛው፦ ጽሑፉ ትክክለኛ ዩኒኮድ ሆኖ፣ ፒኤችፒው ግንኙነቱን ላቲን1 ብሎ ስለከፈተ ባይቶቹ ላቲን1 ኮለም ውስጥ እንዳሉ ተቀምጠዋል። ሲያነብም በዚያው ስለሚያነብ ለራሱ በትክክል ይታየዋል። መለያው፣ ከላይ ጭረት ያለባት የላቲን ትንሿ ኤ በየሦስተኛው ቦታ መደጋገሟ ነው፤ በዩቲኤፍ 8 መሠረታዊዎቹ የግዕዝ ፊደሎች ሁሉ ሦስት ባይት ናቸው፣ የመጀመሪያውም 225 ነው።

ይህን ፓይተን ውስጥ ለማረም አትሞክሩ። ላቲን1 የሚባለው ማይኤስኪውኤል ዘንድ በእውነቱ የዊንዶውስ 1252 ነው፤ ፓይተን ደግሞ 1252 ውስጥ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ቁጥር ባይቶችን አያውቃቸውም። «ም» 225፣ 136፣ 157 ናት። ስለዚህ «ሰላ» ያልፋል፣ «ሰላም» ላይ ይሰበራል። «ሁ»፣ «ል»፣ «ሏ»፣ «ሐ» እና «ቁ» ላይም እንዲሁ። ማይኤስኪውኤል ግን አምስቱንም ባይቶች ሳይጥል ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ ቪው ፍጠሩ፤ ኮለሙን በ«ኮንቨርት» ወደ ላቲን1፣ ከዚያ በ«ካስት» ወደ ባይነሪ፣ ከዚያ እንደገና በ«ኮንቨርት» ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ4 የሚወስድ። ሞዴሉን ከቪው ላይ አውጡ። ቪው ፕራይመሪ ኪይ ስለሌለው በእጅ ታስገቡለታላችሁ፤ በዚህ ስም መፈለግም ኢንዴክስ አይጠቀምም፣ በብዙ መቶ ሺህ ረድፍ ላይ ይዘገያል።

የኮለሙን ርዝመትም እዩ። 50 ቁምፊ የሚይዝ ላቲን1 ኮለም 16 የግዕዝ ፊደል ብቻ ይይዛል፤ 48 ባይት ሞልቶ ሁለት ይተርፋል። ስም እስከ አያት ሲጻፍ ከዚያ ያልፋል። ስትሪክት ሞድ (የማይመጥን እሴትን በስህተት የሚመልስ ቅንብር) ባልበራበት ሰርቨር ላይ ትርፉ በዝምታ ተቆርጧል፣ የመጨረሻዋ ፊደልም ግማሽ ሆና ልትቀር ትችላለች። እነዚህ ረድፎች ልወጣው ላይ ስለሚያስቸግሩ፣ ቪውው ላይ ባዶ ወይም ያጠረ የሆኑትን ከዋናው ጋር አወዳድራችሁ ለብቻ ዝርዝር ያዙ።

ወደዚህ ኮለም ከጃንጎ ቀጥታ አትጻፉ። ሰርቨሩ ስትሪክት ከሆነ ስህተት 1366 ይሰጣል፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፣ እሱ ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛው በሽታ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ነው። እዚያ የተቀመጠው በእርግጥም የላቲን ቁምፊ ነው፤ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነበር። የባይት ልወጣ ምንም አይሠራም። የትኛው ፎንት እንደነበር ለይቶ ለዚያ ፎንት የቁምፊ ሠንጠረዥ መሥራት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁምፊ የተሰፋ ስለሆነ ረጅሙን ጥምር አስቀድማችሁ ተኩ።

7. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን

ቀኑ ጽሑፍ በሆነ ኮለም ውስጥ «05/13/2011» ተብሎ ከተቀመጠ ጳጉሜ 5 ነው፤ ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ የጎርጎርዮስ ቀን አንባቢ ይጥለዋል። ጥቅምት 30ም («30/02») እንዲሁ።

«ፍሮም ዲቢ ቫልዩ» እና «ጌት ፕሬፕ ቫልዩ» ያሉት የራሳችሁ ፊልድ ጻፉ። ልወጣው ከባድ አይደለም። የፓይተን «ፍሮም ኦርዲናል» የሚቀበለው ቁጥር፦

2795 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ) + 30 × (ወር − 1) + ቀን

መስከረም 1 ቀን 2017ን አስገቡ፤ 739140 ይወጣል፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ 738775 ሰጥቶ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ያርፋል። ሁለቱንም ቴስት አድርጓቸው፤ አንዱ ብቻ ከሠራ የዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ስሌት ተሳስቷል ማለት ነው። ጳጉሜ 6 የሚኖራት ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው፤ ሌላ ዓመት ላይ የተገኘ ጳጉሜ 6 የጽሕፈት ስህተት ስለሆነ ፊልዱ ዝም ብሎ እንዳያሳልፈው።

እኩልነትን መፈለግ በዚህ ፊልድ ይሠራል። «ከዚህ ቀን በኋላ» ማለትና በቀን መደርደር ግን አይሠሩም። ዳታቤዙ የሚያወዳድረው ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፉም በቀን ይጀምራል፤ «30/01/2010» ከ«02/05/2015» ይበልጣል። ስህተት አይሰጥም፣ የተሳሳተ ሪፖርት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ፊልዱ ላይ «ጌት ሉክአፕ»ን ጽፋችሁ የበለጠና ያነሰ ንጽጽሮችን በግልጽ ስህተት ከልክሉ፣ ቪውው ላይ ደግሞ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቅደም ተከተል የተገጣጠሙበት ባለ 8 አኃዝ ኢንቲጀር ኮለም ጨምሩ። ጳጉሜ 5 ቀን 2011 እዚያ 20111305 ይሆናል። ማጣራትና መደርደር በእሱ።

ሁለቱ አቆጣጠር ተቀላቅሎ የገባበት ኮለም ካለ፣ ወር 13 ወይም 30/02 (ጥቅምት 30) የኢትዮጵያ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ቀን 31 የጎርጎርዮስ መሆኑን። የግብይት ቀን ከሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገና ያልደረሰ ዓመት ያለበት የጎርጎርዮስ ነው። የልደት ቀን ግን በ7 ወይም በ8 ዓመት ልዩነት ብቻ አይለይም፤ ፕሮግራም እንዲገምት አታድርጉ፣ ለሰው ስጡት።

8. መጻፍ ስትጀምሩ

«ሴቭ» በነባሪነት ሁሉንም ኮለም መልሶ ይጽፋል። ጃንጎ ረድፉን ካነበበ በኋላ ፒኤችፒው ስልኩን ቢቀይር፣ እናንተ አድራሻ ብቻ ቀይራችሁ «ሴቭ» ስትሉ የድሮው ስልክ ይመለሳል። ሁለት ሲስተም በአንድ ቴብል ላይ እስከጻፈ ድረስ እያንዳንዱ «ሴቭ» በ«አፕዴት ፊልድስ» የተቀየረውን ኮለም ብቻ ይጥቀስ። ይህን ቤዝ ክላስ ላይ አስገዳጅ ማድረግ ይቻላል፦ ነባር ረድፍ ሆኖ «አፕዴት ፊልድስ» ካልተሰጠ ስህተት ይወርውር።

ዜሮ ቀን ሌላ ወጥመድ ነው። በዜሮ የተሞላ የማይኤስኪውኤል ቀን በ«ማይኤስኪውኤል ክላየንት» (በፓይተን ማገናኛው) ሲነበብ «ነን» ሆኖ ይመጣል፤ መልሶ ሲጻፍ ነል ይሆንና ነል በማይቀበል ኮለም ላይ ይሰበራል። እዚህም «አፕዴት ፊልድስ» ያድናችኋል።

ትሪገሮችን (ረድፍ ሲጻፍ ዳታቤዙ ራሱ የሚያስኬዳቸውን ትእዛዞች) ቀድማችሁ ዘርዝሩ። ትሪገር የቀየረውን ኮለም ፓይተን ውስጥ ያለው ኦብጀክት አያውቅም፤ ከጻፋችሁ በኋላ «ሪፍሬሽ ፍሮም ዲቢ» ጥሩ።

9. ቴስት

የጃንጎ ቴስት ባዶ ዳታቤዝ ይፈጥራል፤ «ማኔጅድ» «ፎልስ» የሆኑት ቴብሎች እዚያ አይኖሩም፣ የመጀመሪያው ቴስት በ1146 ይወድቃል። ቴስት ሲሮጥ ብቻ «ማኔጅድ»ን ወደ «ትሩ» የሚቀይር የራሳችሁ ራነር ጻፉ። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ የማይግሬሽን ፋይሎቹ ውስጥ «ፎልስ» ተጽፎ ስላለ፣ በቴስት ቅንብር ላይ «ማይግሬሽን ሞጁልስ» ውስጥ የነባሩን አፕ «ነን» አድርጉት፣ ቴብሎቹ ከሞዴሉ በቀጥታ እንዲፈጠሩ። ራውተሩም በቴስት ጊዜ «አላው ማይግሬት»ን መፍቀድ አለበት።

እንዲህ የተፈጠረው የቴስት ዳታቤዝ ንጹሕ ነው፤ ፎሪን ኪዩ የተጠበቀ፣ ፊደሉ የተስተካከለ፣ ወላጅ አልባ ረድፍ የሌለው። ከክፍል 5 እስከ 7 ያሉትን ችግሮች ስለማያሳይ፣ ለእነሱ ከእውነተኛው ቅጂ ላይ በ«ሰሌክት» ብቻ የሚሮጥ ሌላ ስክሪፕት ያዙ፦ ለእያንዳንዱ ሞዴል በጥሬ ኤስኪውኤል የተቆጠረውንና በኦአርኤም ከ«ሰሌክት ሪሌትድ» ጋር ተነብቦ የወጣውን የረድፍ ብዛት የሚያወዳድር። «ካውንት» ብቻ አትጥሩ፤ ጃንጎ ሲቆጥር ያንን ጆይን ስለሚጥለው ልዩነቱ አይታይም፣ ረድፎቹን በትክክል አውጥታችሁ ቁጠሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሞዴሉ የሆነ ቦታ ዋሽቷል፤ ለዚያ ቴብል የመጻፍ ፈቃድ ገና አትስጡ።